አንገቴን የነቀነቅኩ ዕለት

ሥራ ቦታ ስሜ ጆሮ ነበር። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ይመስለኛል። «ጆሮን ጥሩት»፣ «ጆሮ ምን አለ?»፣ «ጆሮ ካለ አለቀ»። ሃያ ሁለት ዓመት ፓምፕ አጠገብ ቆሜ ያገኘሁት ማዕረግ ይሄ ነው፤ ደስም ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ። አሁን በዚህ ስም የሚጠራኝ የለም። ቢጠሩኝም አልሰማም፤ ነገሩም እሱ ነው።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ልናገር። መሃል ላይ ከጀመርኩ ራሴን ማሳመሬ አይቀርም፣ እሱን ደግሞ እችልበታለሁ።

የምንሠራው ሥራ ለማያውቀው ሰው እብደት ይመስላል። ከከተማው ወጣ ብሎ መሬቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ታች ሲቆፈር የሚገኘው ድንጋይ የጋለ ነው፤ እሳት ላይ ተጥዶ የተረሳ ድስት በሉት። በአንዱ ጉድጓድ ቀዝቃዛ ውሃ እንልካለን። ውሃው በድንጋዩ ስንጥቆች ውስጥ እየሾለከ ይሞቃል፣ በሌላው ጉድጓድ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፣ እናንተ ቤት መብራት ይበራል። ችግሩ ስንጥቆቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ውሃው አላልፍ ሲል በፓምፕ ጉልበት እየገፋን እናሰፋቸዋለን። በልኩ ከገፋኸው ድንጋዩ ይከፈትልሃል፤ ካበዛኸው ግን ባልፈለግኸው በኩል ይሄዳል፣ ያኔ ላይ ያለው ሰው መሬት ተንቀጠቀጠ ብሎ ይጮሃል። ስለዚህ ሥራው መግፋት ብቻ አይደለም። መግፋቱንማ በሬም ይችለዋል። ሥራው መቼ መተው እንዳለብህ ማወቅ ነው።

ለዚህ ሲባል በየአቅጣጫው መሬት ውስጥ የተቀበሩ መስሚያ መሣሪያዎች አሉ። ድንጋዩ ሲንቀሳቀስ ይሰሙና መቆጣጠሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ መብራት ያበራሉ፤ አረንጓዴ ከሆነ ቀጥል፣ ቢጫ ከሆነ ቀንስ፣ ቀይ ከሆነ አቁም። ፓምፑ ዘንድ ያለው ሰው ደግሞ የግፊት መለኪያውን ያያል። መለኪያው ድንገት ወረድ ካለ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ፓምፑ ታሟል፣ ወይ ታች ድንጋዩ ተከፍቷል። የትኛው እንደሆነ መለኪያው አይነግርህም። ፓምፑ ከሆነ ድምፁ ይለወጣል፤ ቫልቩ ሲላላ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያንኮራፋል። ድምፁ ካልተለወጠ ጥፋቱ የድንጋዩ ነው። ይህን የሚለየው የሰው ጆሮ ነበር፤ የእኔ ጆሮ።

ዝናዬም የውሸት አልነበረም፣ ይህን ያህል ለራሴ ልመስክር። አንድ ጊዜ ከሻይ ስመለስ ገና ከበሩ ላይ ሆኜ «ሦስተኛው ፓምፕ ይቁም» አልኩ። ሁሉም ሳቁብኝ። ሲፈቱት ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ለሁለት ሊከፈል ጥቂት ቀርቶት አገኙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮ ሆንኩ፤ የጆሮ መሸፈኛ አድርግ ሲሉኝም «ጆሮን ሸፍኜ ጆሮ ልባል?» እላለሁ፣ ሰዉ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሳቅን።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ጆሮዬም እንደዚያው ሄደ። መጀመሪያ የስልኬ ጥሪ ጠፋ፤ ስልኩ ነው የተበላሸው አልኩና ቀየርኩት። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ደከመ፤ እሱንም ሰደብኩት። ቀጥሎ ልጄ ማንሾካሾክ ጀመረች፤ «በዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር አለ እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ጓደኛዋን ሰላም እያለች ነበር። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፣ ድምፅዋ ከክፍል ክፍል የሚያልፍ ነው፣ እሷን ለረጅም ጊዜ ሰማኋት። እሷም እየራቀች ስትመጣ እንደኮራ ሰው ዝም ማለት ለመድኩ። «ይሄ ሰውዬ ሲያረጅ ጨዋ ሆነ» ብላ ለጎረቤት ተናግራልኛለች።

ሥራ ላይ ደግሞ ዘዴ አበጀሁ። የሰውን ከንፈር ማንበብ ተማርኩ። መዳፌን የፓምፑ ሰውነት ላይ አድርጌ ንዝረቱን አዳምጣለሁ፤ ያየኝ ሁሉ ጥበብ ይመስለዋል። በሬዲዮ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፣ «ድምፁ እንዴት ነው?»፤ የሬዲዮዋ መብራት ብልጭ ካለች ሳልሰማም «ደህና ነው» እላለሁ። ሦስት ዓመት ማለት ይሄ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው እኔን ሳያየኝ አልቀረም።

አሁን ስለ እቴቴ። የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ በእጅ የምትዞር አሮጌ የስፌት መኪና አለቻት፣ በቀኝ እጇ እያዞረች በግራዋ ጨርቁን ትመራለች። እኔ ያደግኩት በዚያች መኪና ድምፅ ነው። ደጅ እየተጫወትኩ ክሩ ሊበጠስ ሲል ድምፁ ይለይልኝና «እቴቴ፣ ክሩ!» ብዬ እጮሃለሁ፤ እሷም ታቆማለች። ለደንበኞቿ ሁሉ ስታወራልኝ ነበር። «የሱን ጆሮ የሳልኩት እኔ ነኝ፣ በመኪናዬ» ትላለች። ቤቷ ከጣቢያችን በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ነው፣ ከዋናው በር በእግር አሥር ደቂቃ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ውሃ እየገፋን ሳለ መለኪያው ወረደ። አራት ባር ያህል። ለጥቂት ደቂቃ እዚያው ቆየና ተመልሶ ወጣ። በኮረብታው በኩል ያለው መስሚያ ከሳምንት በፊት ገመዱን ግሬደር ቆርጦበት ስለነበር መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። የሬዲዮዬ መብራት ብልጭ አለች። መቆጣጠሪያ ክፍል ያለችው ኢንጂነሯ ናት፤ ምን እንደምትጠይቅ ግልጽ ነው፤ ቫልቭ ነው ወይስ ድንጋይ? መዳፌን ፓምፑ ላይ አሳረፍኩ። እጄ ምንም አልነገረኝም።

«አላውቅም» ብል ምን ነበረበት? «ድምፁ አልተለወጠም» ብዬ ቫልቩ ሆኖ ቢገኝ፣ ፓምፑም ቢሰበር፣ ጆሮ ደንቆሮ ነው ሊባል ነው። ይህን አሰብኩ። ስለ ኮረብታው አላሰብኩም፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ እዚያ ማን እንዳለ እያወቅኩ አላሰብኩም። ሬዲዮዬን አንስቼ «ቫልቭ ነው፣ ሰምቼዋለሁ፣ አስተካክዬዋለሁ» አልኩ። መዝገቡም ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ቆማ ነገረችኝ። የእቴቴ የጓዳ ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰንጥቋል። ስንት ሰዓት ላይ ብዬ ጠየቅኩ። አራት ተኩል ግድም ነው አለችኝ። ሥራ አድክሞኛል አልኩና ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን የኮረብታው ነዋሪዎች ተሰብስበው ወደ መሥሪያ ቤቱ መጡ። አዳራሹ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ፣ ኢንጂነሯ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ፣ እኔም በክብር ከፊት ወንበር። እቴቴ ተነስታ ተናገረች። ያን ጊዜ ፊቷ ወደ እኔ ነበር፣ ከንፈሯን ደግሞ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ አንድ ቃል አላመለጠኝም። መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እየሰፋች እንደነበር፣ ሰዓቱም አራት ተኩል እንደነበር ተናገረች።

«ከመሬት ውስጥ ተሰማኝ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተነሳሁ።

«ተሰማኝ ላሉት፣ ከተሰማ የምሰማው እኔ ነበርኩ። የቫልቭ ድምፅ ነው፤ መዝግቤዋለሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁን አልሰማሁትም፣ ጥርስ ነው ያየሁት። እሷ እኮ ስለ እግሯ ነበር የምትናገረው፤ በጫማዋ በኩል፣ በወንበሩ በኩል ወደ ሰውነቷ ስለገባው ነገር። እኔ ስለ ጆሮ መለስኩላት። አንድ ቃል ለሁለት ተሰነጠቀና እኔ በሚመቸኝ በኩል ሾለክሁ።

እሷ ግን አልተቀመጠችም። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ሌላ ነገር ተናገረች። ረዘም ያለ ነገር። ምንም አልሰማሁም። ንግግሯ ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ እኔን ያይ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ቅንድቡን አነሳ። እሷም ዘወር ብላ ጠበቀችኝ። ጥያቄ ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም። ቫልቩን በእርግጥ ሰምተሃል ወይ ብላ ይሆናል አልኩ በልቤ። «ይድገሙልኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት ሦስት ዓመት ሙሉ ከአፌ አላወጣሁም፤ ምክንያቱም አንዴ ካልክ ሁለተኛ ትላለህ፣ ሦስተኛው ላይ ሰው ይነቃብሃል።

አንገቴን ነቀነቅኩ። ላይና ታች፣ ሁለት ጊዜ፣ ረጋ ብዬ፣ እንደ ትልቅ ሰው።

እቴቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝና ተቀመጠች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የአንገትስ?

ምን እንደጠየቀችኝ ማንን ልጠይቅ? ብጠይቅ አለመስማቴን መናገር ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተውኩት። ወደ እሷም ቤት መሄድ አቆምኩ። ድሮ በየእሁዱ እሄድ ነበር፤ አሁን ባለቤቴን እየላክሁ «ሥራ በዝቶበታል በያት» እላለሁ። እቴቴም «በርታ በይልኝ» ትልብኛለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ዙር ደረሰ። ከመጀመሪያው በበለጠ ግፊት ነው። የኮረብታው መስሚያ ምትኩ ገና አልመጣም። ኢንጂነሯ እንጠብቅ ብላ ተከራከረች፤ ሥራ አስኪያጁ «ጆሮ እያለልን ምን እንጠብቃለን?» አላት፣ እኔ ባለሁበት። ኢንጂነሯ የልጄ ታላቅ ብትሆን ነው፤ ጠንቃቃ ናት፣ ደግሞ ሰው ታከብራለች። ከስብሰባው ስንወጣ ኮሪደር ላይ አቆመችኝ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ቫልቭ ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት? አንድ ቃል ይበቃኛል።»

ፊት ለፊቴ ነበረች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ነበር። አልሰማሁም ለማለት የቀረኝ ሰበብ አልነበረም።

«ልጄ፣ ሃያ ሁለት ዓመት» አልኳት። ይህ መልስ እንኳ አይደለም። እሷ ግን መልስ አድርጋ ወሰደችውና ሄደች። ብዙ ነገር አሳፍሮኛል፤ የዚያ ኮሪደር ነገር ግን እስከዛሬ እየሄድኩ ሳለ ድንገት ያስቆመኛል።

በሥራው ቀን ለጥንቃቄ ተብሎ የኮረብታው ሰዎች ቀኑን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንዲውሉ ተነገራቸው። ፓምፑን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አስነሳሁ። አራት ሰዓት ሲሆን ጸሐፊው የዚያን የስብሰባ ቀን ቃለ ጉባኤ ላስፈርምዎ ብሎ መጣ። እኔ ወረቀት አንብቤ የምፈርም ሰው አይደለሁም። እስክሪብቶው ግን አልጽፍ አለ። ጸሐፊው ሌላ ሊያመጣ ወጣ፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ፤ ሥራ የፈታ ዓይኔ አነበበው።

«የቤቱ ባለቤት ‹ልጄ ካረጋገጠልኝ ከቤቴ የትም አልሄድም፤ ልጄ፣ ቤቴ ብቀመጥ ደህና ነኝ ወይ?› ብለው የጠየቁ ሲሆን፣ የፓምፕ ሠራተኛው አንገቱን በመነቅነቅ አዎንታውን ገልጿል።»

ደግሜ አነበብኩት። አዎንታውን ገልጿል። አምስት መቶ ደግ ነገር ሠርቼ ቢሆን እንኳ ይህን ቃል አይሽረውም። ጸሐፊው እስክሪብቶ ይዞ ሲመለስ ማን ማን ከኮረብታው እንደወረደ ጠየቅኩት። ጎንበስ ብሎ ስልኩ ላይ ያለውን ዝርዝር አሳየኝ። ከአንዲት ሴት በቀር ሁሉም ወርደዋል። «እናትዎ አሻፈረኝ አሉ፤ ልጄ አረጋግጦልኛል ብለው እየሰፉ ነው» አለኝ እየሳቀ።

እዚህ ላይ ሮጬ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ ተጫንኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልተጫንኩም። ስልኬን አውጥቼ ለባለቤቴ «እቴቴን አሁኑኑ ከቤት አውጫት» የሚል መልእክት ጻፍኩላት። እንዲህ ቢሆን እቴቴም ትወጣለች፣ የእኔም ነገር ተሸፍኖ ይቀራል። ጮሌነቴን አያችሁ! ባለቤቴ ክፍል ውስጥ እያስተማረች ነው፣ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩ መልስ ጠበቅኩ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። መለኪያው እየወጣ ነበር፣ እኔ ደግሞ ስልኬን እያየሁ፣ ላቤን እየጠረግኩ፣ የራሴን ስም እየጠበቅኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ፤ ደግሞ እዚያ ቆሜ መሬት የምከፍተው እኔው ነኝ።

መለኪያው ወረደ። በዚህኛው ጊዜ አሥር ባር።

የሬዲዮዬ መብራት ብልጭ አለች። ድምፁ እንዴት ነው እያለችኝ ነው። ሬዲዮውን አነሳሁ።

«አልሰማሁም» አልኩ። «ያን ቀንም አልሰማሁም። ሦስት ዓመት ሆኖኛል፣ ምንም አልሰማም። ቫልቭ የሚባል ነገር አልነበረም። አክስቴ ቤት ውስጥ ናት።»

ቁልፉን በጡጫዬ መታሁት። ፓምፑ መቆሙን ያወቅኩት ከጫማዬ ሥር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲንቀጠቀጥ የኖረው ወለል ቀጥ አለ። ሬዲዮ ደግሞ የአንድ ሰው አይደለም፤ በጥበቃው ወገብ ላይ አለ፣ በሾፌሮቹ ወገብ ላይ አለ፣ በምግብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አለ። ሁሉም ሰምቷል። ከእኔ በቀር። የኔዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ስትል ጠረጴዛው ላይ ጥያት ሮጥኩ።

አሥር ደቂቃ የሚያስኬደውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ፓምፕ ስላቆምክ ድንጋይ ወዲያው አይቆምም፤ የገባበት ውሃ ግፊቱ እስኪበርድ የራሱን መንገድ ይሄዳል። በሩ ጋ ስደርስ የጓዳው ግድግዳ የለም፤ በጓዳው በኩል ሰማዩ ይታያል። እቴቴ አቧራ ለብሳ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ስትሰማው ወጥታ ነበር፤ መኪናዋን ላድን ብላ ተመለሰች። መኪናዋን በግራ ክንዷ አቅፋታለች፤ ቀኝ እጇ ከጡቡ ሥር ነበር።

አነሳሁላት። ጡቡን አንድ በአንድ አነሳሁላት። አፏን እያንቀሳቀሰች የሆነ ነገር ትለኛለች፤ በአቧራውና በእንባዬ አንዱንም ማንበብ አልቻልኩም። «እቴቴ፣ አልሰማም። አልሰማሽም» አልኳት። በደህናው እጇ ጉንጬን መታ መታ አደረገችኝ፣ ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው።

ከአምስቱ ሁለት ጣቶቿ አልዳኑም፤ አውራ ጣቷና ከጎኑ ያለው። የልብስ ሰፊ ቀኝ እጅ ያለ እነሱ ምን ይሆናል? ሐኪሙ ለባለቤቴ ሲነግራት እኔ ከንፈሩን ላለማየት መስኮት መስኮቱን አየሁ። የማይሰማ ሰው የማይፈልገውን ላለመስማት መንገዱ ቀላል ነው፤ ፊቱን ማዞር። ይህችንም ዘዴ ያኔ ተማርኳት።

ከዚያ በኋላ ያለው የሚጠበቀው ነው። ተጠየቅኩ፣ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፤ በዚህኛው ጊዜ አንብቤ። ያ ጉድጓድ ተዘጋ። አዲሱ መስሚያ መጥቶ የድንጋዩን ቀሪ ንቅናቄ ሲቀዳ፣ ኢንጂነሯ ድንጋዩ የሄደበትን መንገድ ካርታ ላይ በቀይ አሰመረችው፤ መስመሩ ከፓምፔ ተነስቶ በቀጥታ ከእቴቴ ጓዳ ሥር ይገባል። ካርታውን አሳየችኝና ከጎኑ በእስክሪብቶ እንዲህ ጻፈችልኝ፤ «ያን ቀን ኮሪደር ላይ አላውቅም ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር።» አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አላባረሩኝም፣ ዕቃ ግምጃ ቤት መደቡኝ። ብሎን እቆጥራለሁ። ሰው ሲያገኘኝ ወይ ይጮህብኛል፣ ወይ በእጁ ያስረዳኛል፣ ወይ አያየኝም። ከኋላዬ ምን እንደሚባል እገምታለሁ። «ብሰደብም አልሰማ፤ ከደንቆሮነቴ ያተረፍኩት ይህን ነው» ብዬ ለባለቤቴ ቀለድኩ። አልሳቀችም። ሦስት ዓመት ለምን እንዳልነገርኳት ጠየቀችኝ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ቀስ እያለች። አንገቴን ልነቀንቅ ስል እጇን አገጬ ላይ አድርጋ ያዘችኝ። «በአፍህ» አለችኝ።

እቴቴ አሁን እኛ ዘንድ ናት። መኪናዋም ከእሷ ጋር። ከግምጃ ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤት እሄድና አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ እኔ መዘውሩን አዞራለሁ፣ እሷ በግራ እጇ ጨርቁን ትመራለች። መጀመሪያ ላይ ስንት የትምህርት ቤት ሸሚዝ አበላሸን። «ቁም» ስትለኝ አልሰማም፣ መርፌው እጅጌውን አልፎ ኪሱን ይሰፋዋል። ኋላ ላይ ዘዴ አገኘችልኝ። እንድቆም ስትፈልግ እግሯን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ ትመታለች፤ እንድቀጥል ስትፈልግ ሁለት ጊዜ። በጫማዬ በኩል ይመጣል። ከመሬት ውስጥ ይሰማኛል።

ታዲያ ይቅር ብላሃለች ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላውቅም። አንድ ቀን ፈራ ተባ እያልኩ፣ አለመስማቴን ከማንም በፊት ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ለምን እንደጠየቅኩ እንጃ። አላውቅም ነበር እንድትለኝ ፈልጌ ይሆናል።

እቴቴ እግሯን አንዴ መታች። መዘውሩን አቆምኩ። ወንበሯን ጎትታ ፊት ለፊቴ አዞረችና ዓይኔን ሳላሸሽ እስካያት ጠበቀች።

«አውቅ ነበር» አለች። «ገና ድሮ በርህን ሳንኳኳ ሳትከፍትልኝ የቀረህ ጊዜ። ጉሮሮህን እንዳልዘጋ ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። አዳራሹም ውስጥ ስትነቀንቅ ሌላውን ሰው እንደማትሰማ አውቅ ነበር። እኔን ግን ትሰማኛለህ ብዬ ነው ያመንኩህ።»

ወንበሯን መለሰች፣ ጨርቁን አስተካከለች፣ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታች። መዘውሩን ያዝኩ፣ ማዞር ጀመርኩ።